ባለቤቴን በዓረብኛ የጻፍኩበት ወረቀት

ያ ሰውዬ ዛሬም በሕይወት አለ ይሉኛል። ይኑር። ዕድሜ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፣ እኔ አልቀማውም። ግን መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም፤ ስሞትም ቀብሬ ላይ እንዳይቆም ለልጆቼ ተናግሬአለሁ።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ሳትፈርስ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሆሽ ስንኖር ነው። ሆሽ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን ክፍሎች፣ መሀሉ ላይ የውሃ በርሜልና ለሁላችን አንድ ሽንት ቤት። ሰውዬው ሐበሻ ነው። ግቢውን ከሱዳኖች ጠቅልሎ ተከራይቶ ለእኛ ክፍል ክፍሉን ይሸነሽነዋል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ኪራይ ሲጠይቅ ብቻ ይቃናለታል። "ሲድ አልቤት" እንለው ነበር፣ በዓረብኛ የቤቱ ጌታ ማለት ነው።

እኔ ትምህርት የለኝም። አማርኛውን ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም ተውኩት። የዓረብ ፊደልን ከሱቅ ታፔላና ከሲሚንቶ ከረጢት ነው የለቀምኩት። ከተከራዮቹ መካከል ግን ያችን ታህል የሚያውቅ አልነበረምና የሆስፒታሉንም የፖሊሱንም ወረቀት ወደ እኔ ያመጣሉ። "ሙዓሊም" ይሉኛል፣ አስተማሪ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ባልየው ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር የአንድ ኩባንያ ቪላ ዘበኛና አትክልተኛ ነው። አንድ ዓርብ ወረቀት ይዞ መጣ።

"አባባ፣ ኩባንያው ተእሚን ገባልን። ብሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ ይላል።"

ተእሚን የሚሉት ኢንሹራንስ ነው።

"ለማን ይሰጥ ታዲያ?"

"ለባለቤቴ ነዋ! ለማን ኖሯል!"

"ስሟን ልጻፈዋ።"

"ኧረ ስሟ ይቅር። መኖሪያ ወረቀቷ ላይ ደላላው የለጠፈባት ሌላ ስም ነው፣ በኋላ ያጣላናል። ባለቤቴ ብቻ ይበሉልኝ።"

ሚስትን በዓረብኛ "መራ" እንደሚሏት አውቃለሁ። መራ ግን የገበያ ቃል መሰለኝ። እሱ ባለቤቴ ብሎ አክብሮ ሲናገር እኔ አዋርጄ ልጽፍ? አሰብኩ። ባለሱቅ ሲድ ዱካን ነው። ባለሪክሻ ሲድ ሪክሻ ነው። ባለቤትስ? ሲድ ቤት! "ሲድ ቤቲ" ብዬ ጻፍኩለት፣ ነጥቡን ሁሉ አሳምሬ። አመስግኖኝ ሄደ።

በበጋው የቪላው የውሃ ሞተር ቆመ። ሊያየው ገባ፣ ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ሞተ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የኩባንያው ሰው መጣ። ጥሩ ሰው ነበር፣ አብሮን ተቀመጠ። ሲሄድ የወረቀቱን ግልባጭ ለሚስትየዋ ሰጣት። ሲድ አልቤት ፍራሹ ላይ ከጎኗ ነበርና ከእጇ መንጭቆ አነበበ። ዓረብኛውን ተምሮታል። አነበበና ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቀ።

"ወላሂ ጨዋ ሰው ነበር! ለእኔ ነው የተናዘዘው።"

"ምን አልክ?" አልኩት።

"ሲድ ቤቲ ይላል። የቤቴ ጌታ። እኔ ነኛ!"

"ለባለቤቴ ማለቱ ነው። አንተ ሐበሻ አይደለህም? ባለቤት ማን እንደሆነ አታውቅም?"

"እኔ አማርኛ አላውቅም፣ ሙዓሊም። ወረቀቱም አያውቅም።" ወደ እሷ ዞረ። "የሰባት ወር ኪራይ አለብሽ። ስትወልጂ ለሆስፒታል የሰጠሁት አለ፣ ወለዱ አለ። ኢንሹራንሱ ለእኔ ነው ካሉ ለእኔ፤ የሟች ነው ካሉም መጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል። በዚህም በዚያም አታገኚውም። ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ገብተሽ ሥሪ፣ ሠራተኛ ይፈልጋሉ።"

"ልጄንስ?"

"ልጅ ይዘሽ ማን ይቀጥርሻል? ለሰው ስጫታ።"

ይህን ያለው አርባው ሳይወጣ፣ ፍራሹ ሳይነሣ ነው። ዱላዬን አነሣሁ። ሰው ያዘኝ። ባይዘኝ ጥሩ ነበር።

ሚስትየዋ ያሰበችው ገንዘቡን ተቀብላ፣ ልጇን አዝላ፣ ጎንደር እናቷ ዘንድ መግባት ነበር። ማታውኑ ወደ እኔ ክፍል መጣች።

"አባባ፣ እውነት እንደሱ ብለው ነው የጻፉት?"

"የጻፍኩት ትክክል ነው!" ብዬ ጮህኩባት። "ሌባው እሱ ነው!"

ወጥታ ሄደች። ሌባነቱ እውነት ነው። ትክክል ነው ያልኩት ግን ውሸት ነው፣ ስናገረውም አውቄዋለሁ። ሲድ አልቤት ብዬ ስጠራው የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ያን ሰው ወረቀቱ ላይ ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው። ተሳሳትኩ ካልኩ ደግሞ እስከ ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ ሰው ይጠራጠረዋል። ማን ሙዓሊም ይለኛል?

ኢንሹራንሱ ቢሮ በተጠራን ቀን አብሬ ሄድኩ። ሲድ አልቤት ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ቀድሞን ተቀምጧል። ጸሐፊው መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሱዳናዊ ነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና እንዲህ አለ፦ "ሟቹ ሰው ለይቶ ከጻፈ ገንዘቡ የዚያ ሰው ነው፣ አበዳሪ አይነካውም። የተጻፈለት ሰው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ውርስ ውስጥ ይገባል። ከውርስ ደግሞ መጀመሪያ ዕዳ ይወጣል። እዚህ የተጻፈው ሲድ ቤቲ ነው።"

"እኔ ነኝ" አለ ሲድ አልቤት።

እሷ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

"ሚስት መሆንሽን አምኛለሁ" አለ ጸሐፊው። "ግን ሚስት አይልም። ይህን የጻፈው ማነው?"

ሲድ አልቤት ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "ንገረው እንጂ፣ ሙዓሊም።"

ተነሣሁ። "እኔ ነኝ። ሟቹ ለሚስቴ ብለህ ጻፍ ነው ያለኝ። ዓረብኛ መጻፍ አላውቅም።"

"ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ዛሬ ከመጣህ በኋላ አላውቅም ማለት ቀላል ነው" አለኝ።

"ውሸቱን ነው!" አለ ሲድ አልቤት። "የሰፈሩ ሁሉ ጸሐፊ ነው። ሙዓሊም ነው የሚባለው፣ ጠይቃቸው!"

ያን ቀን ነው ያ ስም ያቃጠለኝ።

ጸሐፊው ትንሽ አሰበ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። እሷን "በቋንቋችሁ የፈለግሽውን አንድ ነገር በይው፣ እሱ በዓረብኛ ይጽፈዋል" አላት።

እሷ ምን ትበል? ሌላ የሚወጣት ነገር አልነበረም። ዓይኔን እያየች "ባለቤቴ ሞተ" አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለማስተካከል አልሞከርኩም። እንደለመደኝ ጻፍኩ፣ ነጥቡን አሳምሬ፣ "ሲድ ቤቲ ማት።" ጸሐፊው ወረቀቱን አነሣና ጮክ ብሎ አነበበው፦ "አከራዬ ሞተ።" ከዚያ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ ሲድ አልቤትን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

"አንተስ? ሞተሃል?"

በረኛው ሳይቀር ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጸሐፊው እኔ የጻፍኩትን ከድሮው ወረቀት ጋር አንድ ላይ አያያዘው። "የዚህ ሽማግሌ ሲድ ቤት የትዳር ጓደኛ ነው" አለ። "ገንዘቡ የእሷ ነው። አንተ የምትጠይቀው ዕዳ ካለ ሟቹ በተወው ንብረት ላይ ክሰስ።" ሟቹ የተወው አንድ ፍራሽና አንድ ቢላዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይዞ የመጣልኝ ሰው የለም። ባይመጣም ይሻላል። ሲድ አልቤትም በወሩ ከክፍሌ አስወጣኝ፤ ዕቃዬን ራሱ ደጅ አወጣው። ይህ አልገረመኝም።

ያናደደኝ እሷ ናት። ገንዘቡን ስትቀበል ኪራዩንና የሆስፒታሉን ብድር ቆጥራ ለሲድ አልቤት ልትከፍለው ተነሣች።

"ሕግ አያስገድድሽም፣ ጸሐፊው ሲናገር አልሰማሽም?" አልኳት።

"ሰምቻለሁ፣ አባባ። ባለቤቴ የሰው ዕዳ ይዞ እንዲተኛ አልፈልግም። ወለዱን ግን አልከፍልም።"

ለዚያ ሰው! ተጨቃጨቅን፣ አልሰማችኝም። ከእኔ ትብሳለች፣ ግትር ናት። የከፈለችበትን ደረሰኝ ግን እኔ እንድጽፍላት ለመነችኝ።

"እኔ? ያየሽው አይበቃሽም?"

"በአማርኛ ነዋ" አለች።

ጻፍኩ። እሱ የአማርኛ ፊደል ስለማይለይ እያጉረመረመ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመበት። ምን ይላል ብሎ አልጠየቀም። "ቤት አከራዩ ኪራዩንና ብድሩን ተቀብሏል፣ ከእንግዲህ የሚጠይቀው የለም" ነው የሚለው። ባለቤት የሚለውን ቃል አላስገባሁበትም።