እናታችን በቁሟ የተለቀሰላት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ቡሬ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት ተቀምጬ የእታለም ድራማ መግቢያ ሙዚቃ ተሰማኝ። በድጋሚ እያሳዩት ነው። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ። እታለምን ከቀበርናት ገና ዓመት አልሞላም።

እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። ስሟ አገርነሽ ነው፤ እኔ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ተማሪ ሳለች የጻፈችውን በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ታነብ ነበር። ከዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ጻፈች። ገበሬው ብሶቱን ሲናገር፣ እሷ ቃሉን ሳታበላሽ ታሰፍረዋለች። ባሕር ዳር ሄዳ የሬዲዮ ድራማ ጻፈች፤ የልጆች መጽሐፍም አሳተመች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ገብታ የራሷን የቴሌቪዥን ድራማ ፈጠረች። የትም ብትሄድ ጆሮዋ እዚሁ ነበር።

ድራማው ላይ አንዲት በርበሬ ነጋዴ አሉ። አነጋገራቸውም ቁጣቸውም የእናታችን ነው። አንድ ምሽት እኚያ ሴት ሞቱ። ያየው ላላየው «የአገርነሽ እናት አረፉ» ብሎ ነግሮ ኖሯል፤ በማግስቱ ዘመዶቻችን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ ከሽንዲ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት ደረሱ። እናቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ ታሰጣ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለች ደንግጣ።

«አንቱ ነዎታ» አለች የአጎቴ ሚስት፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

ንፍሮውን እየሳቅን በላነው። እናቴ ግን አልሳቀችም። በቁም መለቀስ ሟርት ነው። ለእታለም ስልክ አስደወለችኝና «ወይ ጽሕፈቱን ተይ፣ ወይ እናት የለኝም በይ» አለቻት።

እታለም ቅዳሜ መጣች። ይቅርታም አላለችም፤ በርበሬው አጠገብ ተቀምጣ መቀንጠስ ጀመረች።

«እማ፣ ሰው ሞቶ የማያየውን አየሽ እኮ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ።»

«ጎረቤቴ ቀረች» አለች እናቴ።

«እሷማ አለመሞትሽን በአጥር ታያለች።»

«ደግሞ እኔ ስሞት እንደዚያች ሴትዮ አላቃስትም። ከጻፍሽ አይቀር ጠይቂኝ።»

ከዚያ ወዲያ እታለም እያንዳንዱን ክፍል ሳይቀረጽ በስልክ ታነብላት ነበር። እናቴም «ይህ የእኛ አነጋገር አይደለም» እያለች ታቃናለች።

እታለም ስታርፍ የመጨረሻው ክፍል ገና ነበር። ባልደረቦቿ ጽፈው ጨርሰው፣ እንደ ልማዷ ለእናቴ ሊያነቡላት ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ አቀርቅራ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ ቀና አለች።

«እዚህ ላይ እንዲህ አይባልም» አለች።

ሰዎቹ እስክሪብቷቸውን አወጡ።