ከማጀቴ የወጣው ጣውላ

በ1989 ዓ.ም. በበልግ፣ የጂንካ ጭቃ ከእግር ጫማ በሚነጥቅበት ወቅት የሆነ ነው። ያስታወሰኝ ያለፈው እሁድ ነው። የመዘምራን ልጆች አሮጌውን ጊታር ክር ሊቀይሩለት ቤታችን ይዘውት መጡ። አንዷ የጊታሩን ፊት በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «እማማ፣ ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። «ባለቤቴ» አልኳት። እውነት ነው። እንጨቱን ማን መረጠው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላወራሁም። እዚህ ልጻፈው።

ባለቤቴ ጴጥሮስ አናጢ ነው። በዚያ ዓመት በና አገር፣ አልዱባ ላይ አዲስ ጸሎት ቤት ሊመረቅ ነበርና የእኛ መዘምራን ተጠሩ። ያላቸው አንድ ጊታር ግን ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ተሰባበረ። ጴጥሮስ በጉባኤው ፊት ተነሥቶ «እኔ እሠራለሁ» አለ። ከዚያ በፊት በርና አልጋ እንጂ ጊታር ሠርቶ አያውቅም። ስብርባሪውን ለልክ ወስዶ ጀመረ።

የአገራችን አናጢ እንጨት ሲመርጥ የሚያስበው ምስጥን ነው። ከባዱ፣ ጠንካራው ይሻለዋል። ጴጥሮስም ጎኑንና ጀርባውን ከዋንዛ፣ ፊቱን ከወይራ ሠራ። ሲያልቅ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። መዘምራኑን የሚመራው፣ ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣው መምህር ዳንኤል ክሩን መታ። ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ መታ።

«ወንድም ጴጥሮስ፣ ይሄስ የጽሞና ጸሎት ላይ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጴጥሮስም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ራቱን አልነካም። «እሁድ ተነሥቼ አልቻልኩም እላለሁ» አለኝ። ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔ ይህ ሰው በጉባኤ ፊት የሰጠውን ቃል ሲያጥፍ ማየት አልፈለግሁም።

የአሪ ልጅ ነኝ። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ገንቦ ስትገዛ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ትሰማው ነበር። የተሰነጠቀው ድምፁ ድፍን ይላል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። እኔም የምገዛው እንደዚያው ነው። በማግስቱ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ጴጥሮስ የሚሠራበት ቤት ገባሁና ግድግዳ የተደገፉትን ጣውላዎች አንድ በአንድ አንኳኳሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰማሁ።»

«ጣውላ ገንቦ መሰለሽ እንዴ?»

«ወይራህ ምን አለህ?» አልኩት።

ማንኳኳቴን ቀጠልኩ። ዋንዛው ትንሽ ተናገረ። ዝግባው ገና እርጥብ ነውና ድፍን አለ። ዝግባ ሲደርቅ ምን እንደሚል ግን አውቅ ነበር። ማጀት ውስጥ ገንቦዎቼን የምደረድርበት ጣውላ ዝግባ ነው። ስንጋባ የሠራልኝ፣ አራት ዓመት ከምድጃው በላይ ጭስ የጠጣ። ዕቃ ባስቀመጥኩበት ቁጥር ጥርት ባለ ድምፅ ይመልስልኝ ነበር። ገንቦዎቼን መሬት ላይ አውርጄ ጣውላውን ነቅዬ አመጣሁለት።

«ይሄ እኮ ስንጋባ የሠራሁልሽ ነው» አለኝ።

«ለጌታ ቤት ነው። አንኳኳው።»

አንኳኳው። ልጄ ከጀርባዬ ነቃች። ጴጥሮስ መጋዙን አነሣ።

ሲልገው ከጥቀርሻው ሥር ማር የመሰለ ቀለም ወጣ፤ ቤቱም ወጥ ወጥ ሸተተ። የወይራውን ፊት አንሥቶ ይህን ስስ አድርጎ ለጠፈበት።

ወደ አልዱባ ስንሄድ ጊታሩን በጋቢዬ ጠቅልዬ እኔው ያዝኩት፤ ልጄን አባቷ ያዘ። መምህር ዳንኤል ገና ክሩን ሲነካው በመንገድ የሚያልፉ የበና እናቶች በሩ ላይ ቆሙ። ዝማሬው ሲያበቃ መምህሩ ጴጥሮስን፣ «ይሄን እንጨት ከየት አመጣኸው?» አለው።

«ከሚስቴ ማጀት» አለ ጴጥሮስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የመረጠችውም እሷ ናት።»

አንገቴን ደፋሁ። ደስታዬን ግን ጌታ ያውቃል።

ያለፈው እሁድ ልጆቹ አዲሱን ክር አስረው ሲመቱት፣ ድምፁ ከዚያን ጊዜም ይልቅ የጠራ መሰለኝ። እንጨትም እንደ ሰው ዕድሜ ሲሰጡት ይሻሻላል መሰለኝ። ለእኔም ዕድሜ ተሰጥቶኝ ይህን ሰማሁ፤ ተመስገን።

ከአልዱባ በተመለስን ማግስት፣ ጠዋት፣ ጴጥሮስ የተረፈውን የወይራ ጣውላ ማጀቴ ግድግዳ ላይ መታልኝ። እኔም ገንቦዎቼን ከመሬት እያነሣሁ፣ አንድ በአንድ አንኳኩቼ እየሰማሁ ደረደርኩበት።