የጋሼ ሱፍ እና የኋላው ግድግዳ

ወንድሜ ሥራ ቦታው ያለችውን የኋላ ግድግዳ ሰላም ይል ነበር። ጠዋት የመጋዘኑን በር ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ፣ "እንዴት አደርሽ? ወፍረሻል!" ይላታል። እውነትም ትወፍር ነበር። ከጀርባዋ የመኪና እጥበት አለ። ውሃው ቀኑን ሙሉ በብሎኬቱ ይሰርጋል። ሻጋታው ከታች ተነሥቶ፣ አረንጓዴም ጥቁርም ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። "እዚህ ቤት ማንም ሳያበላት የምታድግ እሷ ብቻ ናት" ይል ነበር።

መጋዘኑ ናይሮቢ ውስጥ ኢምባካሲ ሰፈር ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ከአገር ቤት ይመጣል። እዚያ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ናይሮቢ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይከፋፈላል። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንድሜ አራት ዓመት ሠራ። አብራው የምታሽገው ሴት ዘመዳችን አይደለችም፤ ግን እትዬ እንላታለን።

በሁለተኛው ዓመት ወንድሜ ማሳል ጀመረ። ማንም አልደነገጠም። በርበሬ ቤት የማያስል ማን አለ? ጋሼ ያስላሉ፣ እትዬ ታስላለች፣ ዕቃ ሊወስድ የመጣው የሞተር ነጂ ገና በሩ ላይ ያስላል። "በርበሬው ነው" ነበር የሁሉም መልስ። የክሊኒኩ ሐኪም ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው ወንድሜ "በርበሬ" አለ። ስለ ግድግዳዋ አልነገረውም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም። ትዝ አላለንም። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሐኪሙ ማስክ አድርግ አለው፤ አደረገ። ማስኩ ላይ በስክሪብቶ ጥርስ ሣለበት።

ጋሼ ደግሞ ፌጦ በማር ለውሰው አመጡለት።

"ዋጠው የኔ ልጅ፣ ደረትህን ይጠርግልሃል።"

"ጋሼ፣ እሷን ብንቀባትስ?" አለ ወደ ግድግዳዋ እያሳየ።

"አንተ ልጅ አትረባም!"

ቢስቁም በሳምንቱ ፉንዲ፣ ግንበኛ ማለት ነው፣ አመጡ። ፉንዲው በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ "ማጂ ቱ" አለ። ውሃ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ነጭ ቀለም ቀብቶ ሄደ። ወር ሳይሞላ በቀለሙ ላይ ተመልሳ ወጣች። ወንድሜ "ሜካፕ አልተስማማትም" አለ።

በመጨረሻው ፋሲካ መጋዘኑ ለአንድ ሳምንት ተዘጋ። ወንድሜ እቤታችን ሰገነት ላይ በርበሬ አስጥቶ ሦስት ቀን ሲያገላብጥና ሲቀነጥስ ዋለ። አስነጠሰው፣ ዓይኑ አለቀሰ። ያ ሳል ግን አልመጣም። ደረጃውንም ሳያርፍ ወጣ።

"አየህ? በርበሬው አይደለም እኮ" አልኩት።

"ሥራ ስለጾምኩ ነው" አለኝ።

ሰኞ ሥራ ገባ። ማክሰኞ ሳሉ ተመለሰ።

የሳንባ ሐኪም ዘንድ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ሻጋታ የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ሲተነፍሱት አንዳንድ ሰው ላይ ሳንባው ይቆጣል፣ ቀስ በቀስም ጠባሳ ይዞ ይደርቃል አለን። ቶሎ ከቦታው የራቀ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ወንድሜ ግን ቶሎ አልራቀም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ከአርባው በኋላ ጋሼ የወንድሜን ሥራ ሰጡኝ። እምቢ ልል ነበር የሄድኩት። ግን እትዬ ስታስል ሰማሁ። የበርበሬ ሳል አልነበረም። ያኛው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ሳል በግድግዳ በኩልም ቢሆን እለየዋለሁ።

"እትዬ፣ እዚህ መሥራት ተይ።"

"ልጆቼን አንተ ታስተምራቸዋለህ? በርበሬው ነው ባክህ።"

ስለዚህ ገባሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ እትዬን ከዚያ ክፍል ማውጣት። ለጋሼ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። በር ላይ ቆመው አምስት ደቂቃ ያህል ይሰሙኛል። ከዚያ "ወንድምህን እግዚአብሔር ጠራው። ግድግዳ ሰው አይገድልም" ብለው ይሄዳሉ።

የናይሮቢው የኅዳር ዝናብ ሲጀምር ጋሼ ሱፋቸውን ከላውንደሪ እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ላቪንግተን ሰፈር ሰርግ አለባቸው፤ ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ሱፍ ነው፤ ሲለብሱት እንዳይቆሽሽባቸው በሩቅ ነው የሚያናግሩን። አመጣሁት። ግን ለእሳቸው አልሰጠሁም። ላስቲኩን ገፍፌ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ጀርባው ግድግዳዋን እንዲነካ አድርጌ ሰቀልኩት።

ከቀናት በኋላ ሲጠይቁኝ፣ "ጋሼ፣ የላውንደሪው ማሽን ተበላሽቷል" አልኩ።

"እስከ ዛሬ?"

"ናይሮቢ ነው እኮ ጋሼ።"

እትዬ አገኘችው።

"አንተ! ይሄ የጋሼ አይደለም? እዚህ ምን ያደርጋል?"

"ሥራ ገብቷል።"

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ሚዛኑን ተደግፋ ቆመች። ብዙ ቆመች። ውሃ አመጣሁላት። ከዚያ በኋላ እኔንም አላሳቀኝም፤ ሱፉን ግን አላወረድኩትም።

ለሰርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ጋሼ ራሳቸው መጡ። አውርጄ ሰጠኋቸው። ጀርባው ላይ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሎበታል። አሸተቱትና ፊታቸውን አዞሩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሻጋታ ነው ጋሼ።"

"የት አስቀምጠኸው ነው?"

በጣቴ አሳየኋቸው።

"ስንት ቀን?"

"አሥራ አንድ።"

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ነበረኝ። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ። እትዬ ግን ከሚዛኑ ላይ ቀና ሳትል ቀድማኝ ተናገረችው።

"ልጁ እዚህ አራት ዓመት ነበር፣ ጋሼ።"

ጋሼ በዚያ መጋዘን ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሱፉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሥራዬን እንደማጣም ገምቼ ነበር። እሳቸው ግን እትዬን "ልጄ፣ ሚዛንሽን ይዘሽ ላይኛው ፎቅ ውጪ። ዛሬውኑ" አሏት። ከዚያ የለበሱትን ኮት አውልቀው ጆንያ መጎተት ጀመሩ። "ና አግዘኝ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?"

በሹራብ ሰርግ የሄዱ ብቸኛ ሽማግሌ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እትዬ አሁን መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ነው የምታሽገው። ሐኪም ዘንድም ሄዳለች፤ በጊዜ ወጥተሻል ብሏታል።

እኔ ግን ግድግዳዋን ሙሉ ያየኋት ያን ቀን ነው። የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ስናነሳ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጥቁር ነበረች። በመሃል ግን አንድ ንጹሕ ቦታ አለ፤ ቁጭ ያለ ሰው ትከሻና ጭንቅላት ያህል። ወንድሜ ምሳውን የሚበላው እዚያ ተደግፎ ነበር። ሻጋታውን በሸሚዙ ሲጠርገው ኖሯል። አሁን በጠርዝ በጠርዙ ልትመለስበት ጀምራለች።

ልስኑን የሚያፈርሰው ፉንዲ መዶሻውን ይዞ መጣና ከየት ልጀምር አለኝ።

ከመሃሉ ራቅ ካለው፣ ከዚያኛው ጥግ ጀምር አልኩት።