የአባቴ የመንቀጥቀጥ መድኃኒት

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቦንጋ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ጥንቁቅ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጅማ ወስጄ አሳከምኩት። በታዘዘለት መድኃኒት ወራት ሳይቆይ ሾርባውን ሳያፈስ ራሱ መጠጣት ቻለ። እኔም አረፍኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ማንንም ሳያማክር የምትታለበዋን ላም ሺሺንዳ ገበያ ወስዶ በበቅሎ ለውጦ መጣ። በሳምንቱ በቅሎዋን ደግሞ በንብ ቀፎዎች ለወጣት። ከዚያም በሰባ ዓመቱ ቀፎዎቹን ሊሰቅል ጫካ ገብቶ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጣ። አስተማሪ ነኝ፤ ስንት ጊዜ ተማሪዎቼን ትቼ ፍለጋ እንደሄድኩ አላስታውስም።

ስቆጣው፣ ክፉ ቃል ስናገረው እንኳ አይተውም። የንስሐ አባቱ ሲመክሩት ሁለተኛ ዛፍ ላይ አልወጣም ብሎ መስቀል ተሳልሞ ማለ፤ በሦስተኛው ቀን ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ክንዱ ከዳነ በኋላ ለመንቀጥቀጡ ክትትል ጅማ ተመለስን። ሐኪሟ ወጣት ናት። “አባቴ፣ መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ያልነበረብዎት አዲስ ጠባይ አለ?” አለችው።

የላሟን፣ የበቅሎዋንና የዛፉን ነገር እኔ ነገርኳት። አልተገረመችም። ዶፓሚን የሚባል የአእምሮ ንጥረ ነገር እንዳለ፣ እሱ ሲያንስ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችን። ያው ንጥረ ነገር ሰውን “ሂድ፣ ሞክረው” እያለም ይገፋፋል፤ መድኃኒቱ የእሱን ሥራ ተክቶ ሲሠራ በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊቱ ልክ ያጣል፤ ቁማር ወይም መጠጥ የሚያስጀምራቸውም አሉ አለች። ከዚያ መጠኑን ቀስ በቀስ የምንቀንስበትን መንገድ ጻፈችልን።

ያን ሁሉ ወር የተናገርኩት ክፉ ቃል አንድ ባንድ መጣብኝ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

“ዛፉ ላይ ስወጣ ደስ ይለኝ ነበር” አለኝ በመስኮቱ እያየ። “ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።”



መድኃኒቱ ሲቀነስ ዛፍ መውጣቱን ተወ፤ ቀፎዎቹን ለጎረቤት ሰጠ። መንቀጥቀጡ ግን ተመለሰ። አሁን ጠዋት ጠዋት ካልሲና ጫማ አድርጌለት፣ በረንዳ ላይ አስቀምጬው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስም እዚያው ነው። ወደ ጫካው ልሂድ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝም ተከትዬው የምሄድበት ጉልበት ያለኝ አይመስለኝም።