ውሃ የመዘነው ድሬሰር

ወልደኪዳን ከቦኖሻ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበር። ሰው «ዶክተር» ሲለው አርሞ አያውቅም። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ሲመለስ እናቱ ያሳደገችበት ሀዲይኛ ጠፋኝ አለ፤ በሽተኛ በሀዲይኛ ካናገረው በአማርኛ ይቆጣል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በዙሪያው ያለው የሻሾጎ ቆላ ተራበ። ለክሊኒኩ ሚዛንና የቁመት መለኪያ መጣ። ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ ጎረምሳም ሆነ ጎልማሳ እህልና የዱቄት ወተት እንዲሰጠው ታዘዘ። ወልደኪዳን ሹመት የመጣለት መሰለው። ከዚያ ወዲያ ሰውን በአገጩ እያመለከተ ያሰናብት ጀመር።

አንድ ማለዳ ገነቴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ልጇን ጥላዬን ደግፋ መጣች። ጥላዬ ድምፁ ገና የጎረነነ ጎረምሳ ነው። ፊቱ ተነፍቷል፤ እግሩ እንደ ግንድ አብጧል።

«ክብደቱ ደህና ነው» አለ ወልደኪዳን።

«ኧረ ዶክተር፣ ክንዱን ይዩልኝ! አጥንት ብቻ ቀርቷል እኮ።»

«እኔ የማየው ሚዛኑን ነው። የጠገበ ልጅ ጎትተሽ መጥተሽ የራብተኛ እህል ልትሻሚ? ዞር በይ!»

ከኋላዋ የቆመችውን አስካለችንም፣ እሷም እግሯ ያበጠ የልጆች እናት ነበረች፣ እንዲሁ አመናጭቆ መለሳት።

አስካለች ወደ ቤቷ ሄደች። ገነቴ ግን መንገድ ዳር ተቀምጣ ከሆሳዕና የምትመጣውን ነርስ ሣራን ጠበቀች። ሣራ ከመኪና እንደወረደች የጥላዬን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። የተሰረጎደው ቦታ ሳይሞላ ቀረ። ክንዱን በሜትር ለካች።

«ወልደኪዳን፣ የመዘንከው ውሃ ነው። ራብ ሲጠና ሰውነት ውሃ ይቋጥራል፤ እግሩ ያበጠ ሰው በሚዛን አይፈረድበትም። ይህን አላስተማሩህም?»

«ሚዛኑ አርጅቶ ነው» አለ። ሚዛኑ የማሸጊያው ጭድ እንኳ ገና አልተራገፈለትም።

ጥላዬ ሆሳዕና ተወስዶ ዳነ። ገነቴ ጠቁማ አስካለችን ፍለጋ የተላከው ሰው ግን መቃብሯ ሲቆፈር ደረሰ።

ወልደኪዳን ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ለቅሶ ሄደ፤ ወንበር እንዲያቀርቡለት ቆሞ ጠበቀ። ያቀረበለት የለም። የሟች ወንድም ማቴዎስ ከተቀመጠበት ቀና አለና፣

«እዚህ የሚመዘን ሰው የለም፤ ሂድ» አለው።

ወልደኪዳን ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲሎ ከተማ ተዛወረ፤ ያውም በእድገት። ሲሄድ ዕቃውን የሚያግዘው አጥቶ፣ አልጋውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ በጭቃው ውስጥ እስከ መኪናው ድረስ ተንገዳገደ።