የስኳር በሽታዬ ዘመድ

ከአርባ ምንጭ ልወጣ በዋዜማው ማታ፣ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤታችን በዘመድ ተጨናንቆ እናቴ ኢንሱሊኔን በረዶ በያዘ ፔርሙዝ አድርጋ ታቅፋው ተቀምጣ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ። መድኃኒቱ ከከተማችን በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ አብሮኝ ይታመማል። ስዊድን ሄጄ የውኃ ምህንድስና እንድማር ዕድል ሲመጣ እናቴ ስለ ትምህርቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። "መድኃኒቱ እዚያ አይጠፋም አይደል?" ብቻ አለችኝ።

አልጠፋም! ስዊድን እንደገባሁ ሐኪም ቤቱ መርፌውን በነጻ አሸክሞ ሲሰደኝ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጣጣው የመጣው ከምግቡ ነው። እኔ የለመድኩት ኩርኩፋ ነው፤ የበቆሎ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው። ከዚያ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ቆጮ። ዳቦ ለበዓል ነው። ስዊድኖቹ ግን ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ፓስታ፣ ማታ ደግሞ ክኔኬብሮድ የሚሉት እንደ ጣውላ የደረቀ ዳቦ! ብርዱን ልቋቋም ብዬ እኔም በላሁ። ሆዴ ተነፋ፣ ተቅማጥ ያዘኝ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ። እንደ ወትሮው መርፌዬን ተወግቼ፣ በልቼም እያለሁ፣ ስኳሬ ድንገት እየወረደ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዳቦ መጋገር የሚወዱ ሴት ናቸው።

"አገርሽ ናፍቆሽ ነው የከሳሽው፤ ብዪ!" ይሉኛል።

"ስበላ ነው የሚያመኝ።"

"የእኔ ዳቦ ማንንም አሞ አያውቅም። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ በልቶታል!"

"እሳቸውስ አሁን የት አሉ?" አልኳቸው።

ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። በማግስቱ ሐኪም ቤት የወሰዱኝም ራሳቸው አከራዬ ናቸው።

ሐኪሟ ደሜን አስመረመረች፤ በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገብታም ከአንጀቴ ቅንጣት ወሰደች።

"ሴሊያክ ይባላል" አለችኝ ውጤቱ ሲመጣ። "ስንዴ፣ ገብስና ደረቁ ዳቦ የሚሠራበት ራይ የሚባል እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱን ስትበዪ ሰውነትሽ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሳል። ምግቡ በደንብ ወደ ደምሽ ስለማይገባ ነው ስኳርሽ የሚወርደው።"

"የስኳር በሽታው አነሰኝና ሌላ በሽታ?"

"ዘመዳሞች ናቸው። ስኳርም የያዘሽ ሰውነትሽ የገዛ ቆሽቱን ስላጠቃ ነው። አንዱ ያለበት ሰው ሌላው ሊከተለው ይችላል፤ አንዳንዱን የአንገት ዕጢውንም ያመዋል።"

"መድኃኒቱስ?"

"እነዚህን እህሎች መተው ብቻ።"

ሳቅሁ! በቆሎና ዓሣ ብዪ ለመባል ነው ባሕር የተሻገርኩት? ብዙም ሳልቆይ ጉንጬ ሞላ፣ ደረጃ መሮጥ ጀመርኩ። አከራዬም የበቆሎ ቂጣ መጋገር ተማሩ።

ለክትትል ስመለስ ሐኪሟ፣ "በቤተሰብሽ ሆዱን የሚያመው ሰው አለ? በዘር ይሄዳል" ስትለኝ እህቴ ትዝ አለችኝ። ታላቅ እህቴ ዘነበች ከአርባ ምንጭ በላይ ጨንቻ ደጋ ላይ አግብታ ገብስ ነው የምትበላው። ከስታለች፣ ደሟ አንሷል፣ ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። ጎረቤቱ ግን ቡዳ በልቷት ነው ይላል። ወደ አርባ ምንጭ እንድትወርድ አስነግሬ በዘመድ ስልክ አገኘኋት።

"ዘኑ፣ ገብሱ ሊሆን ይችላል!" እያልኩ ጮህኩ። "ግን ሳትመረመሪ እንዳትተዪው፣ ከተውሽው ምርመራው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ሂጂ።"

"ገብስ ትቼ ምን ልበላ ነው?"

"ቆጮ! ጓሮሽ ሙሉ እንሰት አይደል እንዴ?"

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"ከተውኩት ልጅ ይቆይልኛል?"

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሐኪሟ ግን ጽንስ መውረዱ ከዚህ በሽታ ሊመጣ ይችላል እንጂ እርግጠኛ ነው አላለችኝም።

"ሊሆን ይችላል" አልኳት።

"እንግዲያ ነይና አንቺው ውሰጂኝ" አለችኝ።

ትምህርቴ ገና ጅምር ነው፤ መቼ እንደምመለስ እኔም አላውቅም ነበር።