የአንዳርጌ በረባሶና ሦስቱ ጭረቶች

አንዳርጌ የአርማጭሆ ሰው ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባው በሰባ ሰባቱ ረኃብ፣ ሚስቱን በላይነሽንና ጫኔ የሚባለውን አንድ ልጁን ይዞ ነው። ሙያው ካረጀ የሎሪ ጎማ በረባሶ መሥራት ነበር። ከገበያው ዳር፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የሰውን እግር በዓይኑ ብቻ ለክቶ ጎማውን ይቆርጣል። ይሳሳታል ብዬ ብዙ ጊዜ ቆሜ ጠብቄዋለሁ፤ ሲሳሳት አላየሁም።

እኔ በዚያን ጊዜ፣ ድንበር ተሻግረው ለሚዋጉ ታጋዮች ዕርዳታ የሚሰበስበው ኮሚቴ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ስለ ተማርሁና በቀላሉ ሰው ስለማላምን ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ።

ሕዝቡ የሚሰጠው ከጉሮሮው ነጥቆ ነበር። በዕርዳታ ከተሰፈረለት ዱራ ከሚሉት ማሽላ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እንቀበላለን፤ ያልሞላ ጣሳ እመልሳለሁ። ልጇን ጠዋት የቀበረች አንዲት ሴት ከሰዓት በኋላ ጣሳዋን ይዛ መጣች። ጎድሎ ነበርና መለስኋት። ሞልታ አመጣች።

በዱራው ያረጀ ጎማ ለወጥንበት። አንዳርጌ ለአርባ ታጋዮች አርባ ጥንድ በነጻ ሊሠራ ፈቀደ፤ ከአርባዎቹ አንዱ ጫኔ ነበር። እኔ ግን ታጋዮቹ ጫማውን ገበያ አውጥተው እንዳይሸጡት፣ በዋጋውም ማሪሳ የሚሉትን የሱዳን ጠላ እንዳይጠጡበት ሠጋሁ። ማሰሪያው ላይ ምልክት ቢደረግ ማሰሪያው ይለወጣል። ስለዚህ መሬት በሚረግጠው በኩል፣ ተረከዙ ላይ ሦስት ጥልቅ ጭረት እንዲደረግ አዘዝሁ።

አንዳርጌ ካራውን መሬት አስቀመጠ።

«አያ ወንድይፍራው፣ ይህስ አይሆንም። በዚያ አገር ገበሬው ሁሉ በረባሶ ነው የሚያደርግ። ልጆቹ የሚያልፉት ዱካቸው ከገበሬው ዱካ ስለማይለይ ነው። አሁን ደግሞ ክረምት ነው፤ ይህን ከጫርሁበት ጭቃው ራሱ ያሳጣቸዋል።»

«ሌባ ያልሆነ ሰው ምልክት ምን ያስፈራዋል?» አልሁት።

«እኔ የፈራሁት ለልጄ ነው።»

«እንግዲያው ልጅህ በባዶ እግሩ ይሂድ። ያልተጫረ ጫማ ከዚህ በር አይወጣም።»

በላይነሽ አጠገቡ ነበረች። «ኧረ በማርያም! እግዜርስ እንኳ እንዲህ አይመረምር!» አለችኝ።

አንዳርጌ ሦስት ቀን ሥራ አቆመ። በአራተኛው ቀን ጫኔ እሾህ ወግቶት እያነከሰ መጣ። አባቱ ተረከዙን ይዞ እሾሁን በወስፌ አወጣለት፤ ከዚያ አንድ ጎማ አነሣና ይጭር ጀመር።

በርክክቡ ዕለት ታጋዮቹ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነጋዴው ሐጂ በድሩ ነበር፤ የሚናገረውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። «ይህ ምልክት የወገናችሁ ቃል ኪዳን ነው፤ በረገጣችሁበት ሁሉ እኛ አብረናችሁ አለን» አላቸው። ስለ ሌብነቱ አልተነሣም።

አንዱ ታጋይ፣ «ሐጂ፣ ጎማውንስ ሰጣችሁን፤ ነዳጁሳ?» ብሎ ሰልፉን አሳቀው። ጫኔም እግሩን አንሥቶ፣ «አባዬ፣ ይኸው እንደ ሎሪ ታርጋ ወጣልኝ!» አለ። ወኔያቸው ከፍ ማለቱን እኔ ምስክር ነኝ። አንዳርጌ አልሳቀም። ተንበርክኮ የልጁን ማሰሪያ አጠበቀለት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁለት ሰዎች ተመለሱ። የመንግሥት ጦር ሦስቱን ጭረት ከወንዙ ዳር ጀምሮ ተከትሎ፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ባረፉበት ከብቦ ፈጃቸው። የተረፉት ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው የሸሹት ናቸው። ጫኔ ከሁለቱ አንዱ አልነበረም።

የሟቾች ዘመዶች የኮሚቴውን ግቢ ሞሉት። «ምልክቱን ማን ጫረ?» ተባለ።

«እኔ ነኝ» አለ አንዳርጌ። «ያዘዘኝ ግን እርሱ ነው።» ወደ እኔ አመለከተ።

«እኔ ጫማ ቆጥሬ ተረክቤ ቆጥሬ አስረክቤአለሁ፤ ተረከዝ አላዘዝሁም» አልሁ።

ሐጂ በድሩ እውነቱን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ቃል ኪዳን ነው ብሎ በአደባባይ የተናገረው እርሱ ነውና፣ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በላይነሽ ጮኸች፤ «የሚስት ምስክርነት!» ብለው አሳቁባት። አንዳርጌ ሳያለቅስ መቆሙን ማስረጃ አደረጉበት። «የገዛ ልጁን የሸጠ!» አሉት። ጎማ የሚቆርጥበትን ግንድ ከገበያው ዳር አምጥተው ቀኝ እጁን በላዩ አጋድመው በመዶሻው ሰበሩት። እኔ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ቁልፉ በእጄ ነበር።

በጥቅምት ለሌሎች ታጋዮች ዕርዳታ ልሰበስብ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወረድሁ። አንዳርጌንና በላይነሽን ከአንድ የሰሊጥ እርሻ አገኘኋቸው። በላይነሽ ታጭዳለች፤ እርሱ ነዶ ማሰር ስለማይችል ለአጫጆቹ ውኃ ያመላልሳል። በባዶ እግሩ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን ፊቴን ሳያይ እግሬን ብቻ አየ።

«ቀኝህ ከግራህ ይረዝማል» አለኝ። «ጫማህ የሚቀደደው ለዚህ ነው። እጄ ደኅና ቢሆን ኖሮ እሠራልህ ነበር።»

በላይነሽ አንድ ጣሳ ዱራ አምጥታ ከእግሬ ሥር አኖረች።

«ለልጆቹ ነው፤ ለአንተ አይደለም» አለችኝ። «ይህን እንኳ ምልክት አታድርግበት።»

ጣሳው ጎድሎ ነበር። ጎዶሎ ጣሳ ስቀበል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ገዳሪፍ ተመልሼም ስለ አንዳርጌ ለማንም አልተናገርሁም።